ሀቡኒ መሰንቆየ

በእኛ ቤት የማትጠራ አንዲት ቃል ነበረች። ሌላው ቤት የሚፈራው የሰይጣንን ስም ነው፤ እኛ ቤት የሚፈራው መሰንቆ ነበር። ሠርግ ተጠርተን ሄደን አዝማሪ ከገባ አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ይነሳል፤ እኔም የጎረስኩትን በቅጡ ሳልውጥ ተከትዬው እወጣለሁ። ጎረቤቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ለድግስ ሲጠሩን አስቀድመው «አዝማሪ የለም» ብለው ይነግሩን ነበር። ያቺ ቃል ከራሱ ከአባቴ አፍ የወጣች ዕለት የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ነገሬ ቶሎ ካላለቀ ታገሱኝ፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ተቻኩዬ መስፋት አልወድም።

አባቴ አንኮበር ከገደሉ አፋፍ ላይ ባለ አንድ ደብር መሪጌታ ነበር። ተማሪዎቹ የኔታ ይሉታል። ከጓሯችን ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ጉባኤ ዘርግቶ ዜማም መጽሐፍም ያስተምራል። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። ድምፁ መልካም፣ አእምሮው ፈጣን ስለነበረ አባቴ ወንበሩን እሱ እንደሚወርሰው ተጠራጥሮ አያውቅም። እኔ ሴት ስለሆንኩ ጉባኤው ላይ አልተቀመጥኩም። ከአጥሩ ወዲህ ጥጥ እየፈተልኩ እሰማለሁ። ጆሮዬ የሰማው ግእዝ ለአንድ ዲያቆን ይበቃዋል፤ ትርጉሙን ግን የነገረኝ ሰው የለም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ዓቢይ ጾም ሲገባ አባቴ በገናውን ያወጣ ነበር። በገና፣ ላላያችሁት፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ የሚቆም ትልቅ ነገር ነው። ከበግ አንጀት የተሠሩ ዐሥር አውታሮች አሉት፤ ድምፁ ወፍራምና ነዛሪ ነው። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ከአልጋው ጠርዝ ይቀመጥና በግራ እጁ ጣቶች ይደረድራል። ያን ጊዜ እናቴ የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ ዝም ትላለች። አባቴን ሲያለቅስ የማየው በዚያ ሰሞን ብቻ ነበር።

የተጣሉበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። ምን እንደተባባሉ ግን አልሰማሁም። ልጅ ነበርኩ፤ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከቤት ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። ጌታሁን ከአንድ አዝማሪ ጋር ተወዳጅቶ በስውር መሰንቆ ይማር ኖሯል፤ አባቴ ከጭድ ክምር ውስጥ አገኘበት። ሁለቱም «መሰንቆ፣ መሰንቆ» ይባባላሉ። ቀጥሎ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። ጌታሁን ባዶ እጁን ወጣ፤ እኔን ሲያየኝ ራሴን ዳበስ አደረገኝና አቀበቱን ይዞ ሄደ። አባቴ በማግስቱ በገናውን በቆዳ ማኅደሩ ጠቅልሎ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ስንት ጾም ገባ፣ ስንት ጾም ወጣ፤ አላወረደውም። ጭስና አቧራ ሲጠጣ ኖሮ ከጣሪያው እንጨት ጋር አንድ ሆነ፤ እኛም ረሳነው።

ጌታሁን ደነባ ወርዶ ኑሮውን እዚያ አደረገ። አገባ፣ እርሻ ያዘ፤ በሠርግ ወራት ደግሞ መሰንቆውን ይዞ ይዞራል። እኔ ደብረ ብርሃን የልብስ ስፌት ቤት ከከፈትኩ በኋላ ለገበያ በመጣ ቁጥር ከሱቄ ጎራ ይላል። ሻይ እጋብዘዋለሁ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ እሰፋለታለሁ። ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚጠይቀኝ።

«ሽማግሌው ስሜን ጠርቶ ያውቃል?»

«ልቡ ውስጥ ነህ» እለዋለሁ።

«ልብማ አይሰማም» ይልና ይሄዳል።

እንዲህ እያልን ስንኖር፣ አንድ ዓመት ጾሙ እንደተጋመሰ አክስቴ ዘርፌ ደወለችልኝ። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። «ብርቄ፣ ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወደቀ። አፉም ተሳሰረ» አለችኝ። መኪና ተኮናትረው ደብረ ብርሃን አመጡት፤ ሆስፒታል አስተኛነው። ሐኪሙ ትሑት ልጅ ነበር፤ ወደ ጥግ ወስዶ ነገረኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ ንግግሩም ተመትቷል። በዕድሜው ምክንያት ብዙ ተስፋ እንዳላደርግና ቤተሰብ ቢሰበሰብ መልካም እንደሆነ መከረኝ። የሰማሁትን ሰምቼ ለጌታሁን ደወልኩለት፤ ሳይጠራኝ አልመጣም አለኝ። ሱቄን ዘጋሁና አባቴን ወደ አንኮበር መለስነው። መንገዱን ሁሉ ጉም ነበር፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ እንኳ ከአፍንጫው በላይ አያይም።

አባቴ ከራሱ አልጋ ላይ በተኛ በማግስቱ አፉ ተፈታ። የተፈታው ግን በአማርኛ አልነበረም።

«ሀቡኒ ማየ» አለ።

እኔ ደነገጥኩ። አክስቴ፣ ዕድሜዋን በቤተ ክርስቲያን ደጅ የኖረች ሴት፣ ወዲያው ገባት። «ውሃ ስጡኝ ነው የሚለው» አለችና በዋንጫ አቀረበችለት። ጠጣ። ከዚያ ወዲህ የሚናገረው ሁሉ ግእዝ ሆነ። ጸሎት ይጀምርና ከመሀል ይጠፋበታል፤ ውሃ ሲፈልግ «ማይ» ይላል፤ ሌላው ከንፈሩ ላይ ይቀራል። ለሐኪሙ ደውዬ ብነግረው፣ በልጅነት በቃል የተጠና ነገር አንዳንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለው ሕመም ይተርፋል አለኝ።

አክስቴ ግን አልተዋጠላትም። «ሐኪም ምን ያውቃል? መላእክት በሚነጋገሩበት ጀምሯል። አማርኛ ከእንግዲህ ለምኑ ነው?»

እሷ ኮራች፣ እኔ ግን ከፋኝ። ብርቄ የሚለው ስም ግእዝ የለውም። አባቴ እያየኝ ስሜን ሊጠራ ይሞክርና አጥቶት ይቀራል። ያኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቅሳለሁ።

አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ከጣሪያው አይነቀልም ነበር። በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ ያያል፤ የቀረችው ግራ እጁ ብርድ ልብሱን ትነካካለች። «ሰማይ ተከፍቶለት ነው» ትላለች አክስቴ ለሚጠይቁን ሰዎች። ሰዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ረፋድ ላይ እኔ ከእግሩ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ ትንፋሹን ሰብስቦ «ሀቡኒ» አለ። ዋንጫውን አነሳሁለት። በግራ እጁ ገፋው።

«ሀቡኒ መሰንቆየ።»

እኔና አክስቴ እርስ በርስ ተያየን።

«ምን አለ?» አልኳት።

«አልሰማሁም» አለች። ሰምታለች።

አባቴ ደገመው። ዓይኑን ከጣሪያው ሳያነሳ፣ ቃሉን እንደሚያስተምር ሰው ሰብሮ ሰብሮ ደገመው። «ሀቡኒ… መሰንቆየ።»

«መሰንቆዬን ስጡኝ ነው ያለው» አልኩ።

«በሽታው ነው የሚያናግረው። ለሰው እንዳታወሪው፤ የመሪጌታ ቤት ነው።»

«እቴቴ፣ የኔ ነው እኮ ያለው። አባባ መቼ መሰንቆ ኖሮት ያውቃል? በዚህ ቤት የገባ መሰንቆ አንድ ነው፤ እሱም የጌታሁን ነው። የሰበረውን ነው የሚጠይቀው። ልጁን ነው የሚለው።»

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ግን የደስታዬን ነገር ልደብቃችሁ አልችልም። በሕይወቴ ሁሉ እነዚህን ሁለት ሰዎች በልቤ ለየብቻ ይዤ ስዞር ኖሬ አሁን አንዱ ሌላውን ሲጠራ ሰማሁ። ከአጥሩ ወጣ ብዬ፣ ኔትወርክ ከሚይዘው ቋጥኝ ላይ ቆሜ ለጌታሁን ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆየና፣

«ቃሉን ድገሚልኝ» አለኝ።

«ሀቡኒ መሰንቆየ።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ስሙን ጠራሁት።

«እንዲህ ነው ያለው? ልክ በዚህ ቃል?»

«በዚህ ቃል። ጠርቶሃል፣ ጌታሁን። አባባ ጠርቶሃል።»

«እንግዲያው እመጣለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ደረሰ። ጉሙ እስከ በራችን ወርዶ ስለነበር መጀመሪያ ሳሉን ነው የሰማሁት። ያረጀ ካፖርት ለብሷል፤ ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን መሰንቆ ከብብቱ ሥር ይዟል። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሳመችው፣ አለቀሰችም፤ ከበሩ ግን ፈቀቅ አላለችም።

«አንተ ግባ» አለችው። «እሱን ከውጭ አኑረው።»

«እቴቴ፣ የተጠራው እሱ ነው። እኔ ተሸካሚው ነኝ።»

«በጾም? በመሪጌታ ቤት? በሞት አልጋ ላይ? ነገ ካህናቱ ለፍትሐት ሲመጡ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አገሩስ ምን ይለናል?»

«አገሩ የሚለውን ብሎ ከጨረሰ ቆየ፣ እቴቴ» አልኳት። «አባባ እንደገና እስኪጠይቅ ትጠብቂያለሽ? ባይጠይቅስ?»

አክስቴ አየችኝ። ከበሩ ተነሳች፤ ከግቢው ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች፤ ነጠላዋንም እስከ ዓይኗ ተከናነበች።

ጌታሁን ጫማውን አውልቆ ገባ። ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ የአባቴን ጉልበት ሳመ። እኔ የአባቴን ዓይን ነበር የማየው። ከጣሪያው ወረደና የጌታሁን ፊት ላይ አረፈ። ያውቀዋል? አላወቅሁም። ጥቂት አየው፤ ከዚያ ዓይኑ እንደገና ወደ ጣሪያው ሄደ። ጌታሁን አባቴ የሚያየውን ተከትሎ ቀና አለ። ረጅም ጊዜ ቀና ብሎ ቆየ። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ድሮ አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ መሰንቆውን ገለጠ።

የአባቴ ግራ እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳች። ቀስ ብላ መጣች፤ ቆዳውን ዳበሰች፣ ወደ አንገቱ ወጣች፣ የፈረስ ጭራዋን አውታር አገኘች። በአውራ ጣቱ ነካት። ድምፅ ሰጠች። ቀጥሎ የቀሩት ጣቶቹ ተዘርግተው ከአውታሯ ጎን፣ ምንም በሌለበት፣ አንድ በአንድ ተንቀሳቀሱ። መልሰው ተንቀሳቀሱ። ከዓይኑ እንባ ወረደ።

«እየባረከው ነው» አልኩ። እኔም አለቀስኩ፤ የማለቅሰው ግን ከደስታ ነበር።

ጌታሁን ግን የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ከገዛ ጉልበቱ ላይ አኖራት። ከዚያ የመሰንቆውን መቃኛ ያዘና አውታሯን ያላላ ጀመር። አላላት፣ አላላት፣ ሸብረክ እስክትል ድረስ።

«ምነው ታላላታለህ? ድምፅ አትሰጥህም እኮ።»

«ዝም በይ፣ ብርቄ።»

መታ። እንዲህ ያለ የመሰንቆ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሠርግ ላይ እንደምንሰማው አይደለም፤ ወፍራም ነው፣ ይነዝራል፣ ቶሎ አይሄድም። ደጋኑን አንዴ ይጎትትና ይጠብቃል፤ አንዴ ይጎትትና ይጠብቃል። ቃል አላወጣም። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ከጌታሁን ጉልበት ላይ ያለችው እጁ ትንቀሳቀስ ነበር። እንደዚያ ሆነው ከሰዓቱ አለፈ። አክስቴ በኋላ ደፉ ላይ መጥታ ቆመች፤ አልገባችም፣ አልሄደችምም። ጌታሁን ሲያቆም አባቴ ዓይኑን ከፍቶ «መሰንቆየ» አለ። «ሀቡኒ» የምትለዋን ተዋት። እኔም የፈለገውን ስላገኘ ነው ብዬ ቆጠርኩት። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማነውም፤ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ።

አንባቢዎቼ፣ አባት ሞቶባት ደስ አላት ብላችሁ ትታዘቡኝ ይሆናል። ግን እውነቱ እንደዚያ ነበር። በቀብሩ ላይ ጌታሁን ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ሲሆን፣ ካህናቱ ሲያዩት ዝም ሲሉ፣ አክስቴ እጁን ይዛ ወደ ቤት ስትመልሰው፣ ልቤ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ሁሉም ነገር በስተመጨረሻ ልኩን ያገኘ መሰለኝ።

በሰልስቱ ቀን ቀሲስ ያሬድ መጡ። የአባቴ ተማሪ የነበሩ፣ ከጌታሁን ጋር ከወይራው ሥር የተማሩ፣ በኋላም ለትምህርት ግሪክ አገር ተልከው የተመለሱ ካህን ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ አቀረብኩላቸውና ከጎናቸው ተቀምጬ ታሪኩን ነገርኳቸው። ለመጣ ሁሉ ነበር የምነግረው፤ እሳቸው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ቃሏ ጋ ስደርስ እጃቸው ከሳህኑ ላይ ቆመ።

«አማርኛ ነበር ግእዝ?»

«ግእዝ ነው፣ ቀሲስ። አማርኛማ ጠፍቶት ነበር አልኩዎት።»

ሳህኑን ወደ ጎን አደረጉት። «የኔታ ሲያስተምሩን አንድ የማይለቁት ነገር ነበራቸው። ግእዙ መሰንቆ ሲላችሁ የአዝማሪውን እንዳታስቡ ይሉን ነበር። ኋላ ግሪክ አገር ስሄድ አረጋገጥኩት። በጽርዑ፣ በግሪኩ ማለቴ ነው፣ መጽሐፉ ኪታራ ይላል። ኪታራ ብዙ አውታር ያለው፣ በጣት የሚመታ ነው። አባቶቻችን ወደ ግእዝ ሲመልሱት መሰንቆ አሉት፤ የዛሬው ባለ አንድ አውታሩ ግን በስም እንጂ በአካል እሱ አይደለም። ተመልሼ ስነግራቸው የኔታ እንዴት እንደሳቁ! አላልኳችሁም ወይ አሉኝ።»

«ታዲያ በአማርኛ ሲመለስ ምን ይሆናል?»

ቀሲስ ዓይናቸውን ከኔ ዘወር አደረጉ። «በገና ነው የሚሆነው፣ ልጄ። ጾሙም ነው፤ የኔታ በጾም ሌላ ምን ይዘው ያውቃሉ?» ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው መሰለኝ ቀጠሉና፣ «አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ፣ አልተማርሽው። ጌታሁን ከሁላችንም በፊት ያውቀው ነበር፤ በዚህች ቃል ከየኔታ ጋር ሲከራከር ነው ያደገው» አሉ።

ተነስቼ ወደ ቤት ገባሁ። አልጋው ባዶ ነበር፤ ምንጣፉ ተነስቶ ጠፍሩ ብቻ ቀርቷል። አባቴ ተኝቶበት ከነበረው ላይ በጀርባዬ ተኛሁና አባቴ ያይ የነበረውን አየሁ። ከላዬ፣ ከወራጁ ላይ፣ በጥቀርሻ የጠቆረ የቆዳ ማኅደር ተንጠልጥሏል። እጁ ደህና ለሆነ ሰው ከወንበር ላይ ቆሞ ማውረድ ብቻ ነበር። ሰማይ ተከፍቶለት ያልነው እሱ ነው። እየባረከው ነው ያልኩት ደግሞ፣ ጣቶቹ የቀሩትን አውታሮች ሲፈልጉ ነበር። ሲያጣቸው ነው ያለቀሰው።

ምን ያህል ጊዜ እንደተኛሁ አላውቅም። ስነሳ ጌታሁንን ፍለጋ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ከወይራው ሥር፣ ድሮ ይማርበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«መሰንቆ ማለት በገና መሆኑን ታውቅ ነበር?»

ቀሲስ መምጣታቸውን አይቷል መሰለኝ አልደነገጠም። «የተጣላነው በእሱ አይደል? ከጭዱ ውስጥ ሲያወጣው፣ መጽሐፉስ መሰንቆ ይል የለም ወይ፣ ምን አጠፋሁ አልኩት። መጽሐፉ መሰንቆ የሚለው በገናን ነው፣ ምን ሳስተምርህ ኖርኩ አለኝና በጉልበቱ ሰበረው። ይቺን ቃል የምረሳት ይመስልሻል?»

«ስልክ ላይ ስነግርህ…»

«ያኔውኑ ገባኝ። አስደገምኩሽ፤ ያው ነው።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ጠርቶሃል አልሽኛ። እንደዚያ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

ከድንኳኑ የሰው ድምፅ ይሰማል። ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ እየመጣ የወይራውን ጫፍ ሸፍኖታል።

«ከመጣህ በኋላስ?» አልኩት። «ቀና ብለህ አየኸው፤ እኔም ስታየው አይቻለሁ። በገናው ያውላችሁ፣ አውርዱለት ብትል ምን ነበረበት?»

አፈሩን በጫማው ሲጭር ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«ካወረዳችሁለትማ እኔን ለምን ይፈልገኛል?»

ልቆጣው ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም። ላቅፈውም ፈለግሁ፣ እሱም አልሆነልኝም።

«አውታሯን ያላላሁት ለእሱ ነው» አለ ኋላ። «የመታሁለት የጾሙን ዜማ ነው፤ የራሱን። በአንድ አውታር የቻልኩትን ያህል በገና አስመሰልኩለት። እንግዲህ ይበቃው ይሆን አይበቃው አላውቅም።»

እኔም አላውቅም። «መሰንቆየ» ብሎ የዘጋው አግኝቼዋለሁ ማለቱ ይሁን ወይም «ስጡኝ» የምትለዋን የሚገፋበት ትንፋሽ አጥቶ፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። አንዳንድ ቀን እንደዚህ፣ አንዳንድ ቀን እንደዚያ ይመስለኛል። ልብስ እየሰፋሁ አስበውና መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።

«ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» የሚለው ተረት ለኔ የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ሰው ግማሹን ሲናገር ሙሉው ገብቶኝ የምነሳ ሴት ነበርኩ። አሁን ደንበኛ መጥቶ ቀሚስ ሲለኝ የትኛው ቀሚስ፣ ለማን፣ ለምን ቀን ብዬ እጠይቃለሁ፤ ጆሮሽ ከበደ እንዴ ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። እናንተም የታመመ ሰው ያላችሁ፣ ስጡኝ ሲላችሁ የምትወዱትን ሰው ስም ከአፉ ለማውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወዴት እንደሚያይ እዩ፤ ቀና በሉ። እኔ ቀና ብል ኖሮ አባቴ በገናውን አቅፎ ይሞት ነበር። ወንድሜ ደግሞ ደነባ እንደተቀመጠ ይቀር ነበር። የቱ ይሻል እንደነበር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ መዝኜ መዝኜ ደክሞኛል።

ለአክስቴ አልነገርኳትም። ወንድሟ ልጁን ባርኮ እንደሞተ ለአገሩ ሁሉ ስትናገር ትኖራለች። በገናውን እኔ ወሰድኩት። አውርጄ ስፈታው አንጀቶቹ ደርቀው ተበጣጥሰዋል፣ ምሰሶው ግን ደህና ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ከሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጌታሁን ለገበያ ሲመጣ አሁንም ጎራ ይላል፤ ሻዩን ሲጠጣ ጀርባውን ለበገናው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። አውታር ላስገባለት ወይ ብዬው ነበር፤ ቆይ አለኝ።

የአባቴን ሙት ዓመት አውጥተን ከአንኮበር የተመለስን ዕለት ሱቄ ድረስ ሸኘኝ። ሊወጣ ሲል እንደ ልማዱ ከበሩ ላይ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጠኝ።

«ምን ነበር ያለው?» አለኝ።

«ሀቡኒ መሰንቆየ።»

«በአማርኛ ምን ማለት ነው?»

በግሪኩ ኪታራ እንደሆነ ቀሲስ ነግረውኛል። በግእዙ መሰንቆ እንደሆነ፣ በአማርኛ በገና እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ እሱም ከኔ በፊት ያውቃል። ጀርባው ጎበጥ ብሏል። መልሴን እየጠበቀ ነበር።

«ጌታሁንን ጥሩልኝ ማለት ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ወጣ።